ከባሕር ማዶ የተመለሰው ሠዓሊ፤ ባለ ዕዳው ማን ነው?

አንድ ኢትዮጵያዊ ባሕር ተሻግሮ ሕክምና ተምሮ ሲመለስ «የወገን ሐኪም መጣልን» ብለን እንቀበለዋለን። መሐንዲስም ሲመለስ እንዲሁ ነው። ያ ሐኪም የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ቢጠራ፣ ያ መሐንዲስ ድልድዩን በፈረንጅ ስሌት ቢሠራ፣ ኢትዮጵያዊነቱን የሚጠራጠር የለም። ሠዓሊ ሲመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥዕሉን ገና ግድግዳ ላይ ሳይሰቅል እንደ ተከሳሽ ይቆማል፤ «ለመሆኑ ይህ የሣልኸው የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ከስድሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ተጠይቆ ነበር፤ ዛሬም በሻይ ክበባችን ውስጥ የሥዕል ነገር በተነሣ ቊጥር ይጠየቃል። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ከሥሩ የተጣመመ ነው ባይ ነኝ። ለምስክርነትም የምጠራው ሩቅ ሰው አይደለም፤ እንደ እኛው በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የሁለት አገር ስለ ሆነ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።) አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እንግዲህ ልጁ ቀለም ሲበጠበጥና ብርዕ ሲቀረጽ እያየ አደገ ብንል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የእርሻ ትምህርት ጀመረ፤ ግን አልጨረሰውም። ብሩሹን መረጠና ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን «ወጣ» የምትል ቃል ቶሎ አትለፋት። ዘመኑ 1950ዎቹ ነው። ኮሌጁ በ1950 ተከፍቶ ገና ጥቂት ዓመት ማስቈጠሩ ነው። ፋሽስቶች በ1937 የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ከፈጁም ሃያ ዓመት አልሞላም። እርሻ ደግሞ የአገሪቱ እንጀራ ነው። ያን ጊዜ ከኮሌጅ ወጥቶ «ሠዓሊ እሆናለሁ» ማለት ለወላጅ ጆሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ዛሬ ማታ ለአባቱ ስልክ ደውሎ «ምሕንድስናውን ትቼዋለሁ» ይበልና ይሞክረው።

የዕድሜ እኩያው አፈወርቅ ተክሌም ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም። አንኮበር የተወለደው ይህ ልጅ በ1947 ገና ጢም ሳያበቅል የማዕድን ምሕንድስና ይማር ተብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ማዕድኑን ትቶ ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሴንትራል ስኩል፣ ኋላም ስሌድ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። የመንግሥት ገንዘብ ለማዕድን ተቈርጦ ሥዕል ተገዛበት ብሎ የሚቈጣ ሰው ቢኖር፣ ቊጣው ከንቱ ነው አልልም። የላከችው ድኻ አገር ናት። ሐኪም አይቶ የማያውቅ ወረዳ ሞልቶ ሳለ፣ መንገድና ጕድጓድ ውሃ ሳይኖር፣ ገንዘቡ የት ዋለ ማለት የዜጋ መብት ነው። ይህን ተቃውሞ በፈገግታ የሚያልፉት የሥነ ጥበብ ወዳጆች አያስደስቱኝም፤ «ጥበብም ምግብ ነው» ብሎ መመለስ ለጠገበ ሰው ይቀላል።

መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ግቡና ቀና በሉ። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ባለ ቀለም መስተዋት እዚያ አለ። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚያ አዳራሽ ነው። ከቅኝ ግዛት የወጡት መሪዎች ለፊርማ ሲሰበሰቡ፣ የአህጉራቸውን ያለፈ መከራና የወደፊት ተስፋ በብርሃን ሥሎ የጠበቃቸው ከአንኮበር የመጣ ሰው ነበር፤ በመስተዋት የመሣልን ሙያ የተማረው ግን አውሮፓ ነው። ለዚያ አዳራሽ የፈረንጅ ሠዓሊ ተቀጥሮ አፍሪካን ሥሎላት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እንል ነበር? የነፃ ትምህርቱ ሒሳብ መታየት ያለበት በዚህ በኩል ነው። (የአፈወርቅን ነገር ሁሉ እወዳለሁ ማለቴ አይደለም። «ሜትር አርቲስት የዓለም ሎሬት» የሚለው ማዕረግ ለእኔ ጆሮ ይከብዳል። መስተዋቱ ግን መስተዋት ነው።)

ወደ ገብረ ክርስቶስ ልመለስ። በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ይህች ከተማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአየር በወረደባት ቦምብ ፈራርሳ ነበር፤ ትልቁ ካቴድራል ብቻ በፍርስራሹ መካከል ቆሞ እንደ ተረፈ በዘመኑ ከተነሡት ፎቶግራፎች ማየት ይቻላል። እሱ ሲደርስ ግንባታው ገና አላለቀም። ለነገራችን ግን ከፈረሰው ቤት ይልቅ የሚጠቅመን በጥበቡ ላይ የደረሰው ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ ካንዲንስኪና ክሌ ያስተማሩበት ባውሐውስ የሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ1937 ደግሞ ሙኒክ ላይ «የተበላሸ ጥበብ» የሚል ኤግዚቢሽን ከፍተው የዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሥራ የሕዝብ መሣለቂያ አደረጉት። (በአዲስ አበባ የተማሩት ወጣቶች የተፈጁበትም ያው 1937 መሆኑን ልብ ይሏል።) ሠዓሊ የሚሥለው ጤናማውን ገበሬና ጀግናውን ወታደር ይሁን፣ ሌላው የባዕድ ነው፣ ተባለ። ሥዕል «የእኛ» እና «የእነሱ» ተብሎ በመንግሥት ትእዛዝ ተለየ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓለም ያውቀዋል።

ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ያገኘው ረቂቅ ሥዕል፣ ይኸውም የሰውን ወይም የዕቃን መልክ ሳይከተል በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገረው ሥዕል፣ የጠገበ ሰው ጨዋታ አልነበረም። ለዚያ ትውልድ ከአፈና የመውጣት ምልክት ነበር። የእኛ ሰዎች «ፈረንጅ ሲሰለቸው የሚሞነጫጭረው» ብለው ያቃለሉት ነገር፣ በአገሩ የታገደና ሰው የተሰደደበት ነገር ነው። ገብረ ክርስቶስም ከመምህራኑ የቀዳው የአሣሣል ዘዴ ብቻ አይመስለኝም። ሠዓሊ የሚሥለውን ሌላ ሰው እንዳይመርጥለት የሚለውን አቋም ቀድቷል። በ1961 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ፤ እዚያው ኮሎኝም የግሉን ኤግዚቢሽን አሳየ። «ሰው መሣል ስላልቻለ ነው ቀለም የሚደፋው» ሲሉ የምሰማቸው ጓደኞቼ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

በ1962 ተመለሰ። ውጭ ሄደው የሚቀሩትን ሰዎች ስናማ እንውላለን፤ እንግዲህ ይኸውላችሁ፣ የተመለሰ ሰው። ሥራውም መምህርነት ሆነ። አለ ፈለገ ሰላም፣ እሱም ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊ፣ በአዲስ አበባ ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት (ዛሬ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኖ በአለ ስም የሚጠራው ነው) ማስተማር ጀመረ። በ1963ም ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ።

ሕዝቡ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ይህስ መልካም ጥያቄ ነው፤ ሠዓሊም የሚመኘው ጥያቄ ነው። ክፉው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ «ይህ ኢትዮጵያዊ ሥዕል አይደለም»።

ይህን የሚሉ ሰዎች በልባቸው የያዙት የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ነው። እኔም እወደዋለሁ። ዳሩ ግን ያ ሥዕል ከማን ጋር እንደ ዋለ ጠይቀው ያውቃሉን? በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ብዙ ዘመን ኖሮ ሥሏል፤ መርቆሬዎስ የሚል ስምም ወጥቶለት ነበር። ሕፃኑን ኢየሱስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አሳቀፈው ተብሎ ሁከት ተነሥቶበት እንደ ነበርም ይተረካል። በየደብሩ የምንሳለማት፣ ልጇን ታቅፋ ሁለት እጆቿን ያነባበረችው የእመቤታችን ሥዕልስ? መነሻዋ ሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው፤ ቅጂውን ያመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የእኛ ሠዓሊዎች ዐይኗን አስፍተው፣ ልብሷን አስጊጠው፣ የራሳቸው አደረጓት። ዛሬ እሷን «የፈረንጅ ናት» የሚል ሰው ቢነሣ በድንጋይ ይባረራል። እንግዲህ የጎንደር ሠዓሊ ከሮማ ሲወስድ ኢትዮጵያዊ ሆኖ፣ የሐረሩ ልጅ ከኮሎኝ ሲወስድ ፈረንጅ የሚሆንበት ሕግ የት ተጽፏል?

በዚያው በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ»ን እዩት። ርእሱ ስቅለት ነው፤ የአለቃ ልጅ የሚያውቀው፣ በየመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለ ርእስ። ዐይንን አስቀድሞ የሚይዘው ግን ቀዩ ቀለም ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ታሪኩን በቅደም ተከተል እናነባለን፤ ወታደሩ እዚህ፣ ዮሐንስ እዚያ፣ እመቤታችን በዚህ በኩል እያልን ጣታችንን እየቀሰርን እንተርካለን። እዚህ ግን የሚተረክ የለም። የደሙ ነገር ብቻ ፊት ለፊት ይመጣል። አንዲት የገጠር እናት ስቅለት ዕለት ስትሰግድ በሆዷ የሚሰማትን ነገር ሣለው ብል አላፍርም። አባት በብራና፣ ልጅ በዘይት ቀለም፤ ሁለቱ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ደግሞ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ይህ ሰው ባለቅኔም ነበር። ከሞተ በኋላ «መንገድ ስጡኝ ሰፊው» ተብሎ የታተመው የግጥም መጽሐፉ በብዙ ተማሪ እጅ አለ፤ ስለ አገሩ የጻፈውንም በቃሉ የሚያነበንብ ከየዶርሙ አይጠፋም። ግጥሙን ሲያነብ እንባ የሚያቀርረው ተማሪ ሥዕሉ ፊት ሲቆም «ፈረንጅ ሆኗል» ይላል። ልብ አድርጉ፤ ሰውዬው አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። በግጥሙ የወደድነው ቃሉን ስለምናውቀው ነው። የቀለሙን ቋንቋ ግን ማንም አላስተማረንም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፊደል ቈጥረናል፤ ሥዕል አይቶ መናገርን ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልተማርንም። ጉድለቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ፍርዱን በእሱ ላይ እናወርዳለን።

ከዚህ በኋላ ያለው የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለእኔ ዋናው ነገር ነው። በ1960ዎቹ መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት አግኝቷል፤ መንግሥት ጨርሶ ረሳው ማለት ሐሰት ይሆናል። ሽልማት ግን የአንድ ቀን ነው። ሠዓሊ በየቀኑ የሚፈልገው ግድግዳና ተመልካች፣ ገዢም ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል የሚገዛው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። አፈወርቅ ግድግዳ አገኘ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን፣ አፍሪካ አዳራሽን፣ ሐረር ላይም የራስ መኰንንን ሐውልት ሠራ። ሥዕሉ ለባለሥልጣኑ ዐይን የሚነበብ ነበርና። ገብረ ክርስቶስ ያገኘው የመማሪያ ክፍል ነው። ሁለቱም ውጭ ተምረዋል፣ ሁለቱም ተመልሰዋል። የኋላ ሕይወታቸውን የለያየው ለንደንና ኮሎኝ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው።

ሦስተኛውን እስክንድር ቦጎሲያንን እንይ። በ1955 ወደ ለንደን ተላከ፣ ከዚያ ፓሪስ ገባ፤ ዐሥር ዓመት ገደማ ቈይቶ በ1966 ተመለሰ። ከፓሪስ ምን ይዞ መጣ ቢባል፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎችን ብቻ አይደለም፤ እዚያ ካገኛቸው የአፍሪካና የካሪቢያን ሰዎች ጋር ሆኖ የገዛ አገሩን ክታብ እንደ አዲስ ማየት ጀመረ። እኛ አንገታችን ላይ አስረን የማናየውን የደብተራ ጥልሰም፣ ዐይን ብቻ የሆነውን መልአክ፣ ትልቅ ሥዕል አደረገው። አንዱ ሥራው ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ርቆ የሄደ ሰው የቤቱን ዕቃ በሌላ ዐይን ያያል፤ የውጭ ትምህርት ትልቁ ትርፍ አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ገብረ ክርስቶስና እስክንድር፣ ከ1966 እስከ 1969 በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ያ ሦስት ዓመት ያፈራውን ፍሬ ዛሬም እንለቅመዋለን፤ በቀርከሃ ላይ የሚሥለው ዘሪሁን የትምጌታ የዚያ ዘመን ተማሪ ነው። እስክንድር ግን አልቈየም። አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተማረ፤ በ2003 ዐረፈ። ፊደላችንን ሥዕል ያደረገው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አዲስ አበባ ተመርቆ ለሁለተኛ ዲግሪ የሄደው ወደዚያው ሐዋርድ ነው። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከኢትዮጵያዊ መምህር ለመማር ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ወጪ የትኛው የበጀት መዝገብ ላይ ይጻፋል?

ገብረ ክርስቶስ ግን ቈየ፤ ንጉሡም ወርደው አብዮቱም መጥቶ ቈየ። በመጨረሻ፣ 1970ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ወደ ጀርመን ወጣ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሎተን በምትባል ከተማ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በስደት ሞተ። እሱን የተኩት ብዙዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ፤ ለምሳሌ ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ ረፒን ኢንስቲቲዩት ተምሮ ተመልሶ ለብዙ ዓመት አስተምሯል። ያን ጊዜ ደግሞ የሰው መልክ በግልጽ የሚሣልበት ዘመን ስለ ነበር፣ ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው ብሎ የጮኸ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ከዚህ የምረዳው፣ «ኢትዮጵያዊ አይደለም» ስንል ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» ማለታችን መሆኑን ነው። አልገባኝም ማለት ነውር ስለሚመስለን የአገርን ስም ከፊታችን እናስቀድማለን።

በ2008 የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች፣ በጀርመን አገር ተጠብቀው የኖሩት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ተመለሱ። በስሙም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ አካባቢ ተከፈተ። የጠበቁለት ጀርመኖች መሆናቸው ያሳፍራል፤ መመለሳቸው ግን ደስ ያሰኛል። አሁን ሰበብ የለንም። ከመማሪያ ክፍላችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ናቸው። ሆኖም በክፍሌ ካሉት ተማሪዎች መካከል ሄደው ያዩትን ብጠይቅ፣ እጅ ያወጡት ከአንድ እጄ ጣቶች አልበለጡም።

ማኅበራችን ለስፖርት ቀን የሚደክመውን ሩብ ያህል ለዚህ ይድከም ብዬ አሳቤን አቀርባለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ሃያ ሃያ ተማሪ ይሂድ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሁለት ተማሪዎች ይጋበዙና ያስረዱ፤ የእርሻና የምሕንድስና ተማሪዎች ይጠይቁ፣ ይቃወሙም። አንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ይቆም እንጂ ሠላሳውን ሥዕል በሩጫ ማየት አይሁን። አልወደድሁትም የሚል ካለ ምክንያቱን ጽፎ ለዚህ መጽሔት ይስጥ፤ ከእኔ አሳብ የሚቃረን ቢሆን ይበልጥ ይወጣ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ስም ዝርዝር ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ወረቀቱን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ ኑ።